ጎ ስለሚባለው የጠጠር ጨዋታና ለእርሱ ከየአገሩ ስለሚሰበሰቡ ሰዎች

በቤት ውስጥ ተቀምጠው የሚጫወቱት ጨዋታ የሌለው ሕዝብ የለም። በእኛ አገር ገበጣና ሰንጠረዥ አሉ፤ ፈረንጆችም ቼስና ዳማ አላቸው። በሩቅ ምሥራቅ ግን፣ ይኸውም በቻይና፣ በኮርያና በጃፓን፣ ከሁሉ ይልቅ የተከበረው ጨዋታ ጃፓኖች ጎ፣ ቻይኖች ዌይቺ፣ ኮርያዎችም ባዱክ ብለው የሚጠሩት ነው። ስሙ በአገራችን ብዙ ስላልተሰማ ለዚህ ገጽ አንባቢዎች ስለ ጨዋታውና በየጊዜው ስለሚደረገው የዓለም ውድድር ጥቂት ለመግለጽ ወደድን። ነገሩ የሩቅ አገር ነገር ቢመስልም ወደ ገዛ ቤታችን የሚመለስ ስለ ሆነ፣ አንባቢ እስከ መጨረሻው ቢታገሠን አይጸጸትም።

በእኛ አቆጣጠር በ1971 ዓ. ም. (በፈረንጆች 1979) በጃፓን ዋና ከተማ በቶኪዮ የዓለም የአማተር ጎ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ተደረገ። አማተር ማለት ጨዋታውን መተዳደሪያው ያላደረገ፣ ስለ ወደደው ብቻ የሚጫወት ሰው ማለት ነው። ሐኪምም፣ መምህርም፣ ነጋዴም፣ ተማሪም ቢሆን፣ ሴት ወንድ ሳይለይ፣ በአገሩ ብርቱ ሆኖ ከተገኘ ሊላክ ይችላል። ያን ጊዜ አንደኛ የወጣው ኒዬ ዌይፒንግ የተባለ ቻይናዊ ነበር። ይህ ሰው በወጣትነቱ፣ በአገሩ የባህል አብዮት የሚባለው ሁከት በነበረበት ጊዜ፣ ከከተማ ወጥቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ቻይና ለእርሻ ሥራ ተልኮ የነበረ ነው፤ ኋላ ግን ስሙን በቻይና የማያውቀው ሰው እስከማይገኝ ድረስ የታወቀ ተጫዋች ሆኖአል።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1974 ዓ. ም.፣ ዓለም አቀፉ የጎ ፌዴሬሽን በዚያው በቶኪዮ ተመሠረተ። ዛሬ አባል የሆኑት አገሮች ከ70 ይበልጣሉ። ውድድሩም ለብዙ ዓመት በጃፓን ሲደረግ ቆይቶ፣ በ2002 ዓ. ም. በቻይና በሀንግጆው፣ በ2007 ዓ. ም. ደግሞ በታይላንድ በባንኮክ ተደርጎአል። በ2003 ዓ. ም. በመጋቢት ወር የመሬት መንቀጥቀጥና የባሕር ማዕበል የጃፓንን ሰሜናዊ ምሥራቅ ባጠፋ ጊዜ፣ ከተጎዱት ከተሞች አንዷ ሰንዳይ ነበረች፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የዓለም ተጫዋቾች የተሰበሰቡት በዚያችው ከተማ ነው። በ2012 ዓ. ም. በተነሣው ወረርሽኝ ምክንያት ደግሞ ታጉሎ ነበር።

የውድድሩ ሥርዓት ልብ ሊባል የሚገባው ነው። አንድ ጊዜ የተሸነፈ ሰው ተሰናብቶ አይሄድም። ያሸነፈ ካሸነፈ ጋር፣ የተሸነፈም ከተሸነፈ ጋር እየተገናኘ፣ ሁሉም እኩል ስምንት ስምንት ጊዜ ይጫወታል፤ በመጨረሻም ድሉ ተቆጥሮ ደረጃው ይታወቃል። ይህን ሥርዓት ያወጣ ሰው አስተዋይ ነው እንላለን፤ ባሕርና ምድር አቋርጦ የመጣ እንግዳ በአንድ ቀን ሽንፈት ዕቃውን ጠቅልሎ እንዲመለስ ማድረግ ከጨዋነት የራቀ ነውና። አንደኛነቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚወስዱት ጨዋታው የተወለደባቸው የምሥራቅ አገሮች ልጆች ናቸው። የቀሩት ይህን እያወቁ ነው የሚሄዱት።

አሁን ስለ ጨዋታው ራሱ እንናገር። ሠሌዳው 19 መስመር ወደ ታች፣ 19 መስመር ወደ ጎን የተሰመረበት ነው፤ መስመሮቹ የሚገናኙባቸው ነጥቦች 361 ይሆናሉ። አንዱ ተጫዋች ጥቁር ጠጠር፣ ሁለተኛው ነጭ ጠጠር ይይዛል። ጥቁሩ ይጀምርና በየተራ አንድ አንድ ጠጠር በመስመሮቹ መገናኛ ላይ ያኖራሉ። የኛ ገበጣ ጠጠሩን ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ እየዘራ ይሄዳል፤ በጎ ግን አንድ ጊዜ የተቀመጠ ጠጠር ከቦታው አይነቃነቅም። የሚነሣው በጠላት ተከብቦ፣ በአራቱ ማዕዘን የሚተነፍስበት ባዶ ነጥብ ሲያጣ ብቻ ነው። የጨዋታው ዓላማ ጠጠር መግደል አይደለም፤ በጠጠር አጥር እያጠሩ ባዶ መሬት መያዝ ነው። ሲያልቅ ብዙ መሬት ያጠረው ያሸንፋል።

እንግዲህ ይህ ጨዋታ የርስትና የወሰን ነገር ነው ማለት ነው። በፍርድ ቤት መዝገብ ሲያገላብጥ የኖረ ሰው ይህን ሲያይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ስግብግቡ ተጫዋች ሰፊ ሜዳ በአንድ ጊዜ ልጠር ብሎ አጥሩን ያሳሳል፤ ባላጋራው በመካከል ገብቶ ይቀመጥበታል። ፈሪው ደግሞ በማዕዘኑ ተኮራምቶ ትንሽ መሬት አጥብቆ ሲያጥር፣ የቀረው ሁሉ ለሌላው ይሆናል። ከዚህም በላይ ኮ የሚሉት አንድ ሕግ አላቸው። ሁለቱ ተጫዋቾች በአንድ ነጥብ ላይ አንዱ የሌላውን አንዲት ጠጠር እያነሣ ያለ ማለቂያ እንዳይመላለሱ፣ ጠጠሩ የተነሣበት ሰው ወዲያው መልሶ እንዳይዝ ይከለከላል፤ በሌላ ስፍራ አንድ ጊዜ ከተጫወተ በኋላ ብቻ ሊመለስበት ይችላል። የተፈረደ ነገር በነጋታው እንደ አዲስ እንዳይከሰስ የሚከለክለው ሕግ የዚህ ዘመድ ይመስለናል።

የተከበበ የጠጠር ማኅበር በውስጡ ሁለት የተለያዩ ባዶ ነጥቦች ካሉት ፈጽሞ አይሞትም። እነዚህን ዓይን ይሉአቸዋል። አንድ ዓይን ያለው ይሞታል፤ ሁለት ያለው ይኖራል። ሕጉ ይህን ያህል አጭር ሲሆን ጨዋታው ግን ጥልቅ ስለ ሆነ፣ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ቢማረው አይጨርሰውም።

ቻይኖች ስለ አመጣጡ የሚያወሩት አፈ ታሪክ አላቸው። ያኦ የተባለው የጥንት ንጉሥ ዳንጁ የሚባል ያልታረመ ልጅ ነበረው፤ አባቱም ልቡን እንዲሰበስብበት ብሎ ይህን ጨዋታ ሠራለት ይላሉ። ነገር ግን ያው አፈ ታሪክ ንጉሡ በመጨረሻ መንግሥቱን ለልጁ ሳይሰጥ ሹን ለተባለ ለሌላ ሰው እንዳወረሰ ይናገራል። እንግዲህ ሠሌዳና ጠጠር ገዝቶ ለልጁ በመስጠት ብቻ የአባትነቱን ሥራ የፈጸመ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ የያኦን ነገር ያስብ። አፈ ታሪኩን ትተን፣ ጨዋታው በቻይና ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት የማያንስ ዕድሜ እንዳለው በጥንት መጻሕፍት ይታወቃል፤ በኮንፉሽየስ ቃል ውስጥም ተጠቅሶአል።

ጃፓን ከተሻገረ በኋላ የመኳንንትና የመነኮሳት ጨዋታ ሆነ። በፈረንጆች በ1612 የጃፓን የጦር አለቃ መንግሥት ለታላላቅ ተጫዋቾች ቀለብ ቆርጦላቸው፣ ከእነርሱም አራት ቤቶች ተነሥተው ትምህርቱን ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲያስተላልፉ ኖሩ። ይህ የእኛን የቅኔ ቤትና የድጓ ቤት ሥርዓት ለሚያውቅ ሰው እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ጃፓንን ለአገራችን ሰው አስቀድመው በሰፊው ካስተዋወቁት አንዱ፣ በ1924 ዓ. ም. ወደዚያ ተልከው የሄዱትና ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን የተባለውን መጽሐፍ የጻፉት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ከጃፓን ብዙ ዕቃና ብዙ ዕውቀት ወደ አገራችን ገብቶአል፤ ይህ ጨዋታ ግን ወደኋላ ከቀሩት ነገሮች አንዱ ነው።

ጎን ወደ ውጭ አገር ለማድረስ ከደከሙት ሰዎች መካከል የአንዱ ታሪክ ሳይነገር ሊታለፍ አይገባውም። ኢዋሞቶ ካኦሩ የሚባል ብርቱ ተጫዋች ነበረ። በወጣትነቱ፣ በፈረንጆች በ1929፣ ጨዋታውን ትቶ ቡና ሊያለማ ወደ ብራዚል ተሰደደ፤ እንደ አሰበው ስላልሆነለት ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ ወደ ሠሌዳው ገባ። በታላቁ ጦርነት መጨረሻ፣ በ1937 ዓ. ም.፣ ሆንኢንቦ ለሚባለው ለከፍተኛው ማዕርግ ከሃሺሞቶ ኡታሮ ጋር ሊጋጠም ተቀጠረ። የመጀመሪያው ጨዋታ በሂሮሺማ ከተማ ውስጥ ተደረገ። ሁለተኛውን ግን የአየር ድብደባ ስለሚያሰጋ በከተማው መካከል ማድረግ አይገባም ተብሎ፣ ከከተማው ዳር ወደ ወጣች ኢጹካይቺ ወደምትባል መንደር ወሰዱት። ሦስተኛው የጨዋታ ቀን ሐምሌ 30 ነበረ። በማለዳ ጠጠሮቹን ትናንት በነበሩበት ቦታ ደርድረው ሊጀምሩ ሲሉ ብርሃን በሰማይ ላይ በራ፤ ወዲያው የመጣው የነፋስ ኃይል መስኮቱን ሰባብሮ ጠጠሮቹን በተነ። በሰው ልጅ ላይ የተጣለው የመጀመሪያው የአቶም ቦምብ ነበረ።

እነርሱ ያን ጊዜ ምን እንደ ሆነ አላወቁም። ቤቱን ጠርገው፣ ጠጠሮቹን እንደገና በየቦታቸው መልሰው፣ ከቀትር በኋላ ጨዋታቸውን ጨረሱ፤ ሃሺሞቶ በአምስት ነጥብ አሸነፈ። የቆሰሉት ሰዎች ከከተማው ወደ መንደሪቱ መድረስ ሲጀምሩ ነው የሆነውን የሰሙት። የመጀመሪያውን ጨዋታ ያስተናገደው ባለቤትም በዚያ ቀን ከሞቱት መካከል ሆነ። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ከተማ እየነደደ ጠጠር መደርደር ምን ዓይነት ልብ ነው ብሎ ይገረማል። እኛ ግን አንፈርድባቸውም፤ ያላዩትን ነገር ሰው ሊያለቅስለት አይችልም። ማዕርጉን በመጨረሻ ያገኘው ኢዋሞቶ ነበረ። ሸምግሎ ሀብቱን ለጎ ማስፋፊያ ሰጠና በሳኦ ፓውሎ፣ በአምስተርዳም፣ በኒው ዮርክና በሲያትል ለማንኛውም ሰው ክፍት የሆኑ የጎ ቤቶች ተከፈቱ። ቡና ሊተክል ሄዶ ባልሆነለት በብራዚል ምድር ጎን ተከለ ማለት ነው። በፈረንጆች በ1999 በ97 ዓመቱ አረፈ።

በቅርቡ ደግሞ ኮምፒዩተር ሰውን በዚህ ጨዋታ አሸነፈ። በ2008 ዓ. ም. በመጋቢት ወር አልፋጎ የተባለው የኮምፒዩተር ሥራ የኮርያውን ታላቅ ተጫዋች ሊ ሴዶልን በሶል ከተማ አራት ለአንድ ረታው፤ ሊ ሴዶልም ከሦስት ዓመት በኋላ ከሙያው ተሰናበተ። አማተሮቹ ግን አልተውም። መኪና ከፈረስ መቅደሙ የፈረስ ጉግስን እንዳላስቀረ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ያነሣነው አንድ ነገር ለማለት ነው። ለእኛም የራሳችን ሰንጠረዥ ነበረን። ከሌላው ዓለም የሚለየው ሕግ ያለው፣ በነገሥታትና በመኳንንት ቤት የኖረ ጨዋታ ነው። ዐፄ ልብነ ድንግል በግቢያቸው ከነበረው ከቬኒስ ሰዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደ ነበር ተጽፎአል። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በፈረንጆች በ1800ዎቹ መጀመሪያ፣ ሄንሪ ሶልት የተባለው እንግሊዛዊ ወደ ትግራይ በመጣ ጊዜ ራስ ወልደ ሥላሴ ከመኳንንቶቻቸው ጋር ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይቶ በመጽሐፉ ጽፎአል።

ሠሌዳው እንደ ፈረንጆቹ ጥቁርና ነጭ እየተፈራረቀ የተቀባ አልነበረም፤ አብዛኛውን ጊዜ በቀይ ጨርቅ ላይ ጥቁር ወይም ሰማያዊ መስመር ተሰፍቶበት ስልሳ አራት ቤት የሚሆን ነበር። ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ የሚባሉት ሠራዊቶች ከዝሆን ጥርስ፣ ከቀንድ ወይም ከእንጨት ይቀረጹ ነበር። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን አጀማመሩ ነው። ወረራ ይባላል። ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እያንዳንዱ የባላጋራውን እጅ እያየ እንደ ወደደ ሠራዊቱን ያሰልፋል፤ ካስፈለገም ያደረገውን መልሶ ያፈርሳል። ከሁለቱ አንዱ የመጀመሪያውን ምርኮ ሲይዝ ወረራው ያበቃና ከዚያ ወዲያ በተራ ይሆናል። በጦር ሜዳ ላይ ጦር ተራ ጠብቆ እንደማይሰለፍ የሚያውቁ አባቶች ያወጡት ሕግ መሆኑ ግልጽ ነው።

አጨራረሱም ክብር ነበረው። ሠራዊቱ ሁሉ አልቆበት ብቻውን የቀረውን ንጉሥ ማት ማድረግ አይፈቀድም ነበር። በደርና በፈረስ ማት ማድረግ ቀላል ተብሎ ይናቃል፤ በፊል፣ ይልቁንም በትንሹ በመደቅ ሲሆን ግን ተመልካቹ ሁሉ ያደንቃል። ተመልካቹም ዝም ብሎ የሚያይ አልነበረም፤ ይመክራል፣ ይጮኻል፣ አንዳንድ ጊዜ እጁንም ይሰነዝራል። የጃፓን ሰው ይህን ቢያይ ይደነግጥ ነበር፤ በእነርሱ ዘንድ ተመልካች ከንፈሩን አያንቀሳቅስም።

ይህ ጨዋታ ከጣልያን ወረራ ዘመን ወዲህ ከየቤቱ እየጠፋ ሄዶ ስፍራውን የፈረንጁ ቼስ ወሰደው። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክኸርስት በፈረንጆች በ1971 ስለ ሰንጠረዥ ታሪክና ሕግ ጽፈው በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ባያወጡት ኖሮ ከዚህ የሚበልጠው በጠፋ ነበር። በጽሑፋቸውም የተጠቀሙት አብዛኛውን የውጭ አገር መንገደኞች የጻፉትን ነው። መንገደኛ ደግሞ ያየውን ይጽፋል እንጂ ያልገባውን አይጠይቅም። ጃፓን ጨዋታዋን ያቆየችው የጨዋታዎቹን እያንዳንዱን እርምጃ በወረቀት ላይ እየጻፈች ነው፤ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ሁለት ሰዎች የተጫወቱትን ዛሬ አንድ ልጅ ጠጠር በጠጠር ሊደግመው ይችላል። በእኛ ዘንድ ራስ ወልደ ሥላሴ ከተጫወቱት አንዱን እንኳ ሊደግም የሚችል ሰው የለም። የዜማውን ምልክት ከነቁጥሩ በብራና ላይ ያኖሩ ሊቃውንት ባሉበት አገር የሰንጠረዡን የሚጽፍ አንድ ሰው መታጣቱ ያሳዝናል። ምናልባት ጨዋታ ስለ ሆነ ለብራና አይገባም ብለው ይሆናል። ዛሬም ቢሆን በየቤቱ ወረራውን ሲጫወቱ አባቱን ወይም አያቱን ያየ ሽማግሌ ቢገኝ፣ ልጆቹ ተቀምጠው ይጻፉለት።

ገበጣ ግን አልጠፋም። ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን በጎጃም መንገድ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ጫንጮ እንደ ሌላው ደጋ ሁሉ ክረምቷ ብርቱ ነው። የሱሉልታ ሜዳ በሐምሌና በነሐሴ ውሃ ሲተኛበት፣ ጉም እስከ ቀትር ድረስ ሳይነሣ ሲቀር፣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይሰበሰባል። እረኞች መሬቱ ደረቅ በሆነበት ወራት ጉድጓድ ቆፍረው በጠጠር ይጫወታሉ፤ በክረምት ግን ልጆች በቤት ተቀምጠው እያንዳንዳቸው ስልክ ላይ አጎንብሰው ሲያመሹ ይታያል። አባትም እንዲሁ። በአንድ ክፍል ውስጥ አምስት ሰው ተቀምጦ አንዱ ካንዱ ጋር ቃል ሳይለዋወጥ የሚመሽበት ቤት ጥቂት አይደለም። ስለዚህ የልጁን ፊት ማየት ለሚወድ አባት ወይም እናት፣ ጎ በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚዘጋጅ ከዚህ በታች እናመለክታለን።

ታላቁ ሠሌዳ ለጀማሪ አይሆንም፤ በምሥራቅ አገሮችም ልጆች የሚጀምሩት በትንሹ ነው። በወፍራም ካርቶን ላይ ዘጠኝ መስመር ወደ ታች፣ ዘጠኝ መስመር ወደ ጎን ይሰመር፤ ነጥቦቹ 81 ይሆናሉ። ለአንዱ 41፣ ለሁለተኛው 40 ጠጠር ይበቃል። ጠጠር ከሌለ ሁለት ዓይነት የልብስ ቁልፍ ደግ ነው፤ ቁልፍም ከታጣ ባቄላና የሽምብራ ክክ ይሆናል፤ ድፍኑ ሽምብራ ግን ስለሚንከባለል ጠብ ያመጣል።

ታላቅ ከታናሽ ጋር ሲጫወት የሚደረገው ሥርዓት በተለይ ለቤተ ሰብ የተመቸ ነው። በጎ ብርቱው ሆን ብሎ ደካማውን እንዲያሸንፍ አይለቅለትም፤ ይህ በእነርሱ ዘንድ ንቀት ነው። ይልቁንም ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ደካማው በሠሌዳው ላይ ጠጠር አስቀድሞ እንዲያኖር ይሰጠዋል፤ በታላቁ ሠሌዳ ከሁለት እስከ ዘጠኝ ድረስ፣ በትንሹ ሠሌዳ ግን ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል። ከዚያ በኋላ ታላቁ ያለውን ኃይል ሁሉ አውጥቶ ይጫወታል። ልጁ ካሸነፈ በእውነት አሸንፎአል፤ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ጠጠር ይቀነስበታል። ልጅ አባቱ ዐውቆ እንደ ለቀቀለት ወዲያው ያውቃል፤ ያን ጊዜም ድሉ ደስ አያሰኘውም። እኩል የሆኑ ሰዎች ሲጫወቱ ደግሞ ጥቁሩ መጀመሩ ጥቅም ስለሚሰጠው፣ በመጨረሻ ሲቆጠር ለነጩ ጥቂት ነጥብ ይጨመርለታል፤ ጃፓኖች በታላቁ ሠሌዳ ስድስት ተኩል ይጨምራሉ። ተኩሉ የተጨመረው እኩል ለእኩል እንዳይወጡ ነው።

መሸነፉን ያወቀ ሰው ጨዋታው እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ ተሸንፌአለሁ ይላል። ይህን ከስድስት ዓመት ልጅ አፍ መስማት ቀላል አይደለም፤ ከአባቱ አፍ መስማት ግን ከዚያም ይከብዳል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት አባቱ ይጀምር። ሁለቱም ወደፊት የሚያገኙት መሬት እንደሌለ ባዩ ጊዜ በየተራ አለፍኩ ይላሉ፤ ጨዋታው በዚህ ያልቃል። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ያጠረውን ባዶ ነጥብ ይቆጥራል፤ የተማረኩበትንም ጠጠሮች ከዚያ ይቀንሳል። ቆጠራውን ልጁ ያድርገው፤ ሒሳቡንም በዚያው ይማራል። ከዚያ ቁልፉ ወደ ሣጥኑ፣ ባቄላውም ወደ ከረጢቱ ይመለሳል፤ ወጥ ቤት ወርዶ ከድስት ከገባ ግን ለነገ ማታ ሌላ 41 መቁጠር ያስፈልጋል።